የኔታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የበሉበት ቀን

ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ደብረ ብርሃን፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ማዕዘን ላይ አንዲት ሴት ጦስኝ ዘርግታ ስትሸጥ አገኘኋት። እኔ የወጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የመነጽሬ እግር ተሰብሮ ላስጠግን። ሴትዮዋ ቆም ስል አይታ አንዱን እስር አነሳችና በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ "ያሽትቱት አባቴ፣ የመንዝ ነው፤ ትናንት ነው የወረደው" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ሌላ ሰው ጦስኝ ሲሸተው ሻይ ያምረው ይሆናል። እኔ ግን አጠገቧ ካለው የሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ "ጾሙ አድክሞዎት ነው?" እያለች ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። "አይ፣ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? አሥራ ሁለት ወንዶች ጎሕ ሲቀድ ቃሬዛ ተሸክመው በጦስኝ ሜዳ ላይ ሲያልፉ ከእግራቸው ሥር የሚነሳው ሽታ ይኸው ነው። ያን ሽታ ስንት ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ዛሬም ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው።

ያኔ የማስተምረው መንዝ፣ ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ስንት እንደነበሩ መቁጠር ትቻለሁ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከተማዋ አንዲት ረጅም መንገድ ነበረች፤ ከላይ ስትመጣ በስተቀኝ የልብስ ሰፊው በረንዳ፣ ቀጥሎ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ማዶ የገበያው ሜዳ። ሰፊው አንድ እግሩ አጭር ስለነበር መኪናውን በሌላው እግሩ ብቻ እየረገጠ ሲሰፋ ድምፁ እንደ ዝናብ ጠብታ ነበር። የኔን የቴትሮን ሸሚዝ ክርኑ ላይ ሦስት ጊዜ ጥፎልኛል። አስተማሪ ሁሉ ሸራ ጫማ፣ ገበሬው ሁሉ ኮንጎ ወይም በረባሶ፣ ብርዱ ሲብስ ደግሞ መምህርም ገበሬም እኩል ባና ደርቦ ነበር የሚሄደው። የመንዝ በግ ጸጉር ያን ጊዜ ክብር ነበረው፤ የጥሩ ባና ዋጋ ከደሞዜ ግማሹን ይወስድ ነበር። በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ ስለማይገኝ ሴቶቹ በአንድ ብር አምስት ስድስት እየሰጡ የማይጾም ሙስሊም ነጋዴ ከቆላ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። በሻይ ቤቱ የሚያስጮኹት ቴፕ እንኳ ጾም ሲገባ ዘፈኑን ትቶ መዝሙር ይይዝ ነበር፤ ክሩ ስላረጀ ዘማሪው እንደሰከረ ሰው ድምፁ ይጎተት ነበርና ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ዛሬ ቀየት መብራት ገብቶላታል፣ መኪናም በየዕለቱ ይወጣል አሉኝ። የሰፊው በረንዳ ይኑር አይኑር ግን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሄዶ ማጣትን እፈራለሁ።

አስካለን ያገባኋት እዚያው ነው። አባቷ ቄስም የቄስ ትምህርት ቤት መምህርም ስለነበሩ አገሩ ሁሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው፤ እኔም አማቻቸው ስሆን የኔታ አልኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜዬን ሳይቆጥሩ "መምህር" ይሉኝ ነበር። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲስቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው አያውቁም፤ ቢታመሙም፣ መንገድ ቢሄዱም። ቤታቸው ከከተማዋ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር፣ ደጋው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ከደጃቸው ሆኖ ማዶ የመርሐቤቴ አገር ከሰል መስሎ ይታያል። አስካለ ስትጸንስ ለመውለጃዋ እናቷ ዘንድ ትሁን ተባለና እኔም ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። በዚያ ቤት ግን ማንም የማያነሳው ነገር ነበር። የአስካለ ታላቅ እህት በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሞታለች። ሦስት ቀን አምጣ። ያኔ የኔታ "እግዚአብሔር ያመጣውን" ብለው ጸበል እየረጩ፣ ድርሳን እየደገሙ ጠብቀው ነበር። ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ ቢመጣ "ከሱ እጅ ወዴት እንወስዳታለን?" ብለው መልሰውታል። ይኼን የነገረችኝ አስካለ ናት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

የመጻጉዕ እሑድ ባለፈ በማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምጡ ጀመራት ብለው ላኩብኝ። ክፍሉን ለጓደኛዬ ጥዬ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ስደርስ አዋላጇ ከጓዳ ወጥታ እጇን እየታጠበች ነበር፤ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ረቡዕ ገና ጎሕ ሳይቀድ አዋላጇ "ልጁ ተጋድሟል፤ ደምም አለ፤ ከእንግዲህ የኔ ነገር አይደለም" አለች። መሐል ሜዳ ያለው ጤና ጣቢያ ያን ጊዜ ቀዶ ጥገና አልነበረውም። ያለው ዓለም ከተማ ነው፤ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶውን ወጥቶ። የኔታ ደጅ ላይ ድርሳናቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። አማቴ እማማ በላይነሽ ወጡ። ባለቤታቸውን በአንቱታ እንጂ በሌላ ሲጠሩ ሰምቼ የማላውቅ ሴት ናቸው፤ ያን ዕለትም አንቱታውን አልተዉም፤ ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው ነበር።

"ምን እየጠበቁ ነው?"

"ፈቃዱን" አሉ የኔታ።

"ታላቋንም እንዲህ ብለው ነው ያስቀበሩን።"

  የኔታ መጽሐፉን አጠፉና በማኅደሩ ከተው ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሼ ተሰማ ቤት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሩ። ጋሼ ተሰማ ወጡ፤ ለካስ ሌሊቱን የቃሬዛውን ሁለት አጣና አዘጋጅተው፣ ጠፍሩን ጠምረው ጨርሰዋል። ዐሥራ ሁለት ሰው ቆሟል። ማንም አልጠራቸውም። የኔታ ያን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ፤ ተሳልመው ሲመለሱ "መጨረሻው ወዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ተነሡ እንሂድ" አሉ።

ቃሬዛ ተከትሎ መሄድ ምን እንደሚመስል ያልሄደ አያውቀውም። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ከጎን ይሮጣሉ፣ አራቱ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ "ተቀበል" ሲባል ሳይቆሙ ይቀያየራሉ። አስካለ በባና ተሸፍና ፊቷ አይታይም። እኔ የምሄደው ከራስጌዋ በኩል ነበር፤ በየመቶ እርምጃው "ደምሴ፣ አለህ?" ትላለች፤ "አለሁ" እላለሁ። አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ሳትጠራኝ ትቀራለች። ባናውን ገልጬ እንዳላይ እፈራለሁ፣ ሳላይ እንዳልቀርም እፈራለሁ። ገደሉን ስንወርድ ቃሬዛው ወደ ፊት እንዳያንሸራትታት በመቀነት ታሰረች። ድንጋይ ከእግራችን ሥር እያመለጠ ሲወርድ ድምፁ ሥር እስኪደርስ እንሰማው ነበር። መንገድ ላይ የምናገኛቸው ሰዎች እህላቸውን ከአህያ ላይ አውርደው ጥለው፣ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ፣ አንድ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ያህል ተሸክመውልን ይመለሳሉ። አንዷ አሮጊት መሸከም ባይችሉ የቃሬዛውን እንጨት በእጃቸው ነክተው ተሳለሙት። በቀትር፣ ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ሲሆን፣ የኔታ ሰዎቹን አስቁመው "ለተሸካሚ ፈትቻለሁ፤ ዳቦአችሁን ብሉ፤ ኃጢአቱ በኔ" አሉ። ጋሼ ተሰማ "እርስዎስ?" አሏቸው። "እኔ ምን ተሸከምኩ?" አሉ። የበላ ግን አልነበረም። ሁሉም ውሃ ተጉመጥምጠው ተፉና ተሸከሙ።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እኛ በፀሐይ ነው የወረድነው፤ ላይ ደጋው ግን ዘንቦ ኖሮ ውሃው ቡና ዐይነት መልክ ይዞ ነበር። በደኅናው ጊዜ ጉልበት አይደርስም። ያን ዕለት መሐሉ ላይ የሚንከባለለው ድንጋይ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይሰማል፤ ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነበር። ሰዎቹ ቃሬዛውን አስቀምጠው ቆሙ። ቀስ እያሉ ዳቦ ቆረሱ፤ የኔታም ሰዓቱ ደርሶ ነበርና አንዲት ቁራሽ ቀመሱ። ጋሼ ተሰማ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "እስኪጎድል እንጠብቅ ይሆን?" አሉኝ። ከባናው ሥር አስካለ "ውሃው ይሰማኛል" አለች። ደሟ የቃሬዛውን ጠፍር አልፎ አሸዋው ላይ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። የኔታ ያን አዩት። ጫማቸውን አወለቁ፣ እጀ ጠባባቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። "እግሬን እያያችሁ ተከተሉኝ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልዞሩም። መቋሚያውን ወደ ፊት ይሰዳሉ፣ መሬት ሲያገኙ ይረግጣሉ፣ ሲያጡ ወደ ጎን ይላሉ። ስምንቱ ሰዎች ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ አንስተው፣ አራቱ በታች በኩል ተያይዘው ውሃውን በደረታቸው እየሰበሩ ገባን። መሐል ላይ ጋሼ ተሰማ ተንሸራተው በአንድ ጉልበታቸው ወደቁ፤ ቃሬዛው ዘመም ሲል አስካለ ጮኸች። የዚያን ጊዜ እኔ ጸለይኩ ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው የኔታ ማዶ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ወደኛ ዘርግተው፣ የመጀመሪያውን ተሸካሚ እየሳቡ ነው።

ያን ሌሊት ጨለማው ዳገቱን ስለከለከለን ማዶ ካለ መንደር አደርንና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ዓለም ከተማ ገባን። ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀበላት። ሐኪሙ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ አንድ ጊዜ ዳሰሳትና "ቀዶ ጥገና ነው፤ ደም ግን ያስፈልጋታል፤ ቤተሰብ ይስጥ" አለ። የኔን መረመሩት፤ አልገጠመም። ወደ ተሸካሚዎቹ ዞርኩ። ያን ጊዜ ደም የሰጠ ሰው ዓመት አይደግምም የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። እነዚያ ደራሽ ውሃ ያልፈሩ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አሉ። ጋሼ ተሰማ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው "መምህር፣ አትቀየመን፤ ስምንት ልጅ አለኝ" አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ክንዴን የሰጠሁት እየፈራሁ ነበር።

"የአባትስ ይሆናል?" አሉ የኔታ።

ሆነ። ገጠመ። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ነርስ መጥታ "አባቴ፣ መቼ ነው እህል የቀመሱት?" አለቻቸው።

"ትናንት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።"

"በባዶ ሆድ አልወስድም፤ ይወድቁብኛል። ትንሽ ነገር ይብሉ።"

"ልጄ፣ ገና አራት ሰዓት ነው እኮ። ሁዳዴ ነው። እኔ ደግሞ ካህን ነኝ።"

"እኔም ጾመኛ ነኝ አባቴ" አለች፤ ዐይኗ ውሃ ሞላ። "ግን ልጅዎ ጊዜ የላትም።"

የኔታ እጄን ይዘው ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝ። የሚበሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኑዛዜ ነው የጀመሩት። እንደሚሞቱ አምነዋል። "ዳዊቱን ለቤተ ክርስቲያን፤ ጥቁሯን ላም ለበላይነሽ። ተማሪዎቹን ወደ ጎረቤት ደብር ስደዳቸው። አስካለ ከዳነች ስለ ታላቋ አባትሽን ይቅር በዪው በላት፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም።" ድምፃቸው ጸጥ ያለ ነበር፤ እጄን ግን ተናግረው እስኪጨርሱ አልለቀቁኝም። ከበሩ ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ዳቦና ሻይ አመጣሁ። ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። መዋጥ አቃታቸው፤ በሻይ አወረዱት። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ላይ ዳቦ ሲበሉ ማየት ምን ያስለቅሳል? እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ወደ መሰቀያው ግንድ እንደሚመራ ሰው፣ ቀጥ ብለው፣ ከነርሷ ኋላ ገቡ።

አልሞቱም። ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ወጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፤ መኖራቸው ራሱ የገረማቸው ይመስሉ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ያቺው ነርስ ወጣች። "እናቲቱ ደኅና ናት። ሴት ልጅ ናት" አለች። ልነሣ ስል እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ትንፋሿ ግን ደካማ ነው። ኦክስጅን ሰጥተናታል። እኔ ምንም ማለት አልችልም፤ ብቻ ክርስትና ማስነሣት የምትፈልጉ ከሆነ ካህን ቶሎ ጥሩ።"

"ካህንማ አለ!" ብዬ ወደ የኔታ ዞርኩ። "የኔታ፣ እርስዎ አሉ!"

የኔታ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩ። የዳቦው ፍርፋሪ ገና ነጠላቸው ላይ ነበር።

"በልቻለሁ" አሉ። "የበላ ካህን አያጠምቅም።"

ፊታቸው እንዲያ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። እኚያ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሕፃን ታቅፋ ደጃቸው የመጣችን እናት ሁሉ፣ ሳይጠመቅ የሞተ ቅጽር ውስጥ አይቀበርም ብለው ሲመልሱ የኖሩ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ትንንሽ የድንጋይ ክምሮች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ጋሼ ተሰማ ነገሩን ሰምተው ከተቀመጡበት ተፈናጥረው ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸው፣ ብቻቸውን ነበሩ። "ቅዳሴ ገብተዋል። የገባ አይወጣም አለኝ ዲያቆኑ። ሌላውም ደብር ሄድኩ፤ ያው ነው። ሲወጡ ይመጣሉ።" ሲወጡ ማለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

እነዚያን ሰዓታት እንዴት ብዬ ልናገር? ነርሷ የኔታን ነጭ ሸሚዝ አልብሳ ወደ ሕፃኗ አስገባቻቸው። እኔ አስካለ ካለችበት ክፍልና ከሕፃኗ ክፍል መካከል እመላለሳለሁ፤ አስካለ ገና አልነቃችም። በመስኮቱ ሳይ የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሕፃኗን እንዲያዩ አንገታቸውን ዘርግተዋል። የምትተነፍሰው ደረቷ ከፍ ሲል ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፤ እኔም ከመስኮቱ ወዲህ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፤ እንደገና ከፍ ይላል። የኔታ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። መቋሚያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ከደብሩ በኩል የቅዳሴው ዜማ በነፋስ እየመጣ ይሄዳል። ስምንት ተኩል ላይ ደረቷ ከፍ ሳይል ቆየ። የኔታ ሲነሡ አየሁ። ነርሷ ሮጣ ገብታ እግሯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት፤ ጀርባዋን አሸችላት፤ እንደገና ጀመረች። የኔታ አልተቀመጡም ከዚያ በኋላ። ቆመው ነው የቀሩት።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ጋሼ ተሰማ አንድ አረጋዊ ቄስ ይዘው መጡ፤ ከቅዳሴ እንደወጡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ መስቀላቸውንና ውሃ የያዘች ዕቃ ይዘው። አብሬያቸው ገባሁ። ልክ በሩን ስንከፍት ሕፃኗ አስነጠሰች። ከዚያ እንደ ግልገል ያለ ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ በረታና ጩኸት ሆነ፤ ፊቷ ቀላ፣ ሁለት ጡጫዋን ጨብጣ ታገለች። አረጋዊው ቄስ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ነርሷን አዩ። ነርሷ እያለቀሰች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው አነሡና ወደ የኔታ ዞሩ።

"መምሬ፣ ይህችማ ሰማንያ ቀኗን ትጠብቅ" አሉ።

የኔታ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

በሰማንያ ቀኗ፣ አገሩ ሊዘራ ሲሰናዳ፣ ራሳቸው የኔታ አጠመቋት። አስካለ በሦስተኛው ቀን አፏን እንደፈታች የኔታ ያሉኝን ሁሉ ነግሬያት ነበር፤ ስለ ታላቋም። አባቷን አስጠርታ እጃቸውን ሳመች፤ የተባባሉትን ግን እኔ ወጥቼላቸው ስለነበር አልሰማሁም። የኔታ ስለዚያ ዳቦ ንስሐ ገብተው ለሁለት ወር መቅደስ ሳይገቡ ቀሩ፤ ማንም ያዘዛቸው የለም። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚያነጋግሩ ሰዎች ነግረውኛል፤ አብረዋት እስከ መቃብሩ ይሄዱ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እርጅና ዐይናቸውን ሲያደክመው፣ አንድ የሁዳዴ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሁልጊዜ ልጠይቃቸው የምፈልገውን ጠየቅኳቸው።

"የኔታ፣ ያን ዕለት ሕፃኗ ዘንድ ምን ብለው ጸለዩ?"

መቋሚያቸውን በእጃቸው ዳብሰው ያዙ።

"ምንም። ፈቃድህ ይሁን ልል ፈለግኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ፈቃዱ ምን እንደሆነ ፈራሁ፣ መምህር። አርባ ዓመት ሰው ሁሉ እንዲለው ሳስተምር ኖሬ፣ በኔ ሲደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ" አሉ፤ "እየፈራሁ ቆምኩ። ትቻት አልወጣሁም።"